ብርሃን የሚያሳልፉ ተጣጣፊ ዕቃዎችን ስለ ማፍሰስ፤ ለአስመጪዎችና ለባለ ሱቆች የተሰጠ ትምህርት

የዲላ ቡና ነጋዴ ጆንያውን ከመረከቡ አስቀድሞ እፍኝ አንሥቶ ያሸታል፤ አንዲቱንም ፍሬ በጥርሱ ሰብሮ ይፈትናል። ርጥበቱ ከ10 እስከ 12 በመቶ ካለው ልክ ያለፈ እንደ ሆነ ቡናው በመጋዘን ውስጥ እንደሚሻግት ያውቃልና። ዛሬ ለክቡራን አንባብያን የምናቀርበው ትምህርት ከቡና እጅግ የራቀ ስለሚመስል ሸቀጥ ነው፤ ይኸውም ፈሳሽ ሆኖ ገብቶ እንደ ጎማ የሚረጋ፥ ብርሃንንም በከፊል የሚያሳልፍ ዕቃ ነው። ይሁን እንጂ ርጥበትን፥ ቀንንና ሚዛንን የማያከብር ነጋዴን የሚቀጣው ልክ እንደ ቡናው ነው።

ይህን ዕቃ የሚፈልገው ማን ነው? ብለው የሚጠይቁ ይኖራሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 ዕጣን ኮሚክስ የተባለው ድርጅት «ጀምበር» የሚባለውን ኢትዮጵያዊ ልዕለ ጀግና በሥዕላዊ ታሪክ መጽሐፍ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አውጥቷል። የእንዲህ ያሉትን ጀግኖች ልብስ በቤታቸው ለመሥራት የሚሞክሩ ወጣቶች በየከተማው አሉ። ጨርቁን ከገበያ፥ ስፌቱን ከልብስ ሰፊ ያገኛሉ። የሚቸግራቸው በደረት ላይ የሚያበራው ጌጥ፥ የክንድ መከላከያውና ከሰውነት ጋር አብሮ የሚታጠፈው ክፍል ነው፤ ከበስተኋላው አምፖል ሲበራ እንደ ሻማ ሰም ደብዘዝ ብሎ ብርሃን ማስተላለፍ አለበት። ቲያትር የሚያሳዩ የትምህርት ቤት ክበባትም ይህንኑ ይሻሉ።

ሥራው ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ወርቅ ሠሪ ቅርጹን በሰም ካወጣ በኋላ በጭቃ ይሸፍነዋል፤ ሰሙን በእሳት አቅልጦ ካስወጣው በኋላ በቦታው የቀለጠ ወርቅ ያፈስበታል። ቅኔያችን «ሰምና ወርቅ» የሚለውን ስያሜ የተዋሰው ከዚሁ ሙያ ነው። አሁን የምንናገርለት ሥራም አካሄዱ ያው ሲሆን፥ ልዩነቱ መጀመሪያው ቅርጽ በሸክላ ወይም በሚለሰልስ የቅርጽ ጭቃ ተሠርቶ፥ መቀበያው ፎርማ በጀሶ ወይም በጎማ መውጣቱና በወርቁ ፈንታ ያለ እሳት የሚረጋ ፈሳሽ መፍሰሱ ነው። የፎርማው ውስጥ ሻካራ የሆነ እንደ ሆነ የሚወጣው ዕቃ እንደ ጭጋግ ይደበዝዛል፤ ለስላሳና የሚያብረቀርቅ ሲሆን ግን ዕቃው ጥርት ብሎ ይወጣል።

በሱቆቻችን ብዙ ጊዜ የሚገኘው ለመስኮትና ለመታጠቢያ ቤት ማሸጊያ የሚሆነው የቱቦ ሲሊኮን ነው። ይህ ዐይነቱ በተለይም የኮምጣጤ ሽታ ያለው፥ ከአየር ርጥበት እየወሰደ ከላይ ወደ ውስጥ የሚረጋ ስለ ሆነ ለስስ ነገር እንጂ ለወፍራም ቀረጻ አይሆንም፤ ላዩ ደርቆ ውስጡ ለብዙ ቀን ለጥ ያለ ይቀራል። ጥቂት ጠብታ ግሊሰሪን ጨምረው የሚያሹት ሰዎች መርጋቱን ያፋጥኑታል። ባለ ሱቁ ይህን ለገዢው ቢነግረው ዕቃው ተመልሶ አይመጣበትም።

ለዚህ ሥራ የተገባው ባለ ሁለት ክፍል ሲሊኮን ነው። ሁለት ዐይነት ነው፤ አንደኛው በፕላቲነም፥ ሁለተኛው በቲን ኀይል የሚረጋ። የቲኑ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን በጊዜ ብዛት ይኮማተራል፥ ኀይሉም ይደክማል። በፕላቲነም የሚረጋው በባሕርዩ ብርሃን አሳላፊ ሲሆን እጅግ ጥቂት ብቻ ይኮማተራል። ነገር ግን ጠላት አለው፤ እርሱም ድኝ ነው። ድኝ ያለበት የቅርጽ ጭቃ፥ የላቴክስ ጓንት፥ ቀድሞ የቲን ሲሊኮን የነካው ዕቃ ቢነካው ፊቱ ሳይረጋ እንደ ማር ተጣብቆ ይቀራል። ጓንት የሚሸጥ ነጋዴ ከዚህ ጎን የቪኒል ጓንት ቢያስቀምጥ መልካም ነው።

ጥንካሬው «ሾር ኤ» በተባለ መለኪያ ይነገራል። ከ20 እስከ 30 ያለው በክንድ ላይ ለሚታጠፍ ነገር ይስማማል፤ የጫማ ተረከዝ ወደ 80 ይጠጋል። ቀለሙ ለሲሊኮን የተሠራ መሆን አለበት፤ ተራ ቀለም ይላጣል። ብርሃን አሳላፊነቱንም ለመጠበቅ የቀለሙ መጠን በጥርስ መፋቂያ ጫፍ የሚነሣ ያህል ብቻ ይሁን።

አሁን ወደ ንግዱ እንምጣ። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ከአንድ ሱቅ ይህን ዕቃ ከትልቅ ዕቃ ተቀድቶ በትናንሽ ጠርሙስ ገዝቼ ነበር። በጠርሙሱ ላይ «ሀ» እና «ለ» ከሚለው በቀር ስም፥ ቀን፥ የመደባለቂያ ልክ አልነበረም። አንድ ለአንድ ይሆናል ብዬ ደባለቅሁ። ለካ ልኩ አንድ ለዐሥር ኖሯል። ያፈሰስሁት ሁሉ ከነፎርማው ተጣለ፤ ከገንዘቡም ይልቅ ፎርማውን ለማውጣት የደከምሁበት ሳምንት አሳዘነኝ። ባለ ሱቁ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ዘይት እንደሚቀዳ አድርጎ ቀዳው እንጂ። ሁለተኛም ጊዜ ወደ እርሱ አልሄድሁም።

ስለዚህ ይህ ዕቃ እንደ ዘይት አይቀዳም። ሁለቱ ክፍሎች አንድ ዕቃ ናቸው፤ አንዱን ብቻ መሸጥ የሽርጡን ግማሽ መሸጥ ነው። የሁለቱ ጣሳ ክዳኖች የተለዋወጡ እንደ ሆነ በክዳኑ ላይ የቀረው ጥቂት ፈሳሽ ሌላውን ያረጋዋል። መቅዳት ግዴታ ከሆነ ሁለት የተለያዩ ማንኪያዎች፥ እንዲሁም ወርቅ ሠሪ እንደሚይዘው ያለ ግራም የሚለይ ሚዛን ያስፈልጋል።

አስመጪው ደግሞ ቀኑን ይቍጠር። ፋብሪካዎቹ የሚሰጡት ዕድሜ ብዙውን ጊዜ ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ነው፤ ይህም በቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ሲቀመጥ ነው። ዕቃው በባሕር ተጉዞ በጅቡቲ ሙቀት ቆይቶ፥ በሞጆ ደረቅ ወደብ አልፎ ዲላ እስኪደርስ ከዕድሜው ብዙ ይበላል። ስለዚህ ትእዛዝ ሲሰጥ የተሠራበት ቀን በሰነዱ ላይ እንዲጻፍ ማስገደድ፥ ሲደርስም ከእያንዳንዱ ጭነት ጥቂት ግራም መዝኖ በወረቀት ኩባያ ደባልቆ መሞከር ይገባል። ቡናን በጥርስ እንደ መስበር ያለ ነው።

ፖሊዩሬቴን የሚባለው ከሲሊኮን ይልቅ ጠንካራና ጥርት ያለ ነው፤ ነገር ግን ከአየር ርጥበት ጋር ሲገናኝ አረፋ ያወጣል። በጌዴኦ ዞን ዝናብ በዓመት ሁለት ወቅት የሚጥል ስለ ሆነ፥ ክዳኑ የተከፈተ ጣሳ ብዙ አይቆይም። አንደኛው ክፍሉ አይሶሳያኔት ያለበት ስለ ሆነ ትንፋሹ ሳንባን ይጎዳል፤ በሱቅ ውስጥ ፈጽሞ አይቀዳ። ያለ መከላከያ መሣሪያና ያለ በቂ አየር መሥራትን ለማያውቅ ወጣት ባይሸጥለት ይሻላል።

ገንዘብ ለሌለው ተማሪ ጄላቲንና ግሊሰሪን በሞቀ ውኃ አሟምቶ ማፍሰስ ይቻላል፤ ብርሃን ያሳልፋል፥ ይታጠፋል፥ ያልወደደውንም መልሶ ያቀልጠዋል። በሙቀት ይለሰልሳል፥ በዝናብ ወራትም ይሻግታል፤ ስለዚህ ለአንድ ምሽት ትርኢት እንጂ ለሰነባች ዕቃ አይሆንም። ባለ ሱቁ ይህን አስቀድሞ ይንገረው፤ ልጁ ሥራውን ለምዶ ሲመለስ ሲሊኮኑን የሚጠይቀው ከዚያው ሱቅ ነው።