የአስቤስቶስ ምርመራ ውጤት እንዴት ይመዘናል?

አስቤስቶስ የተባለው ክር መሳይ ማዕድን ያለበትን ግድግዳ ከሌለበት በዓይን መለየት አይቻልም። ልምድ ያለው ግንበኛ ሊጠረጥር ይችላል፤ እርግጠኛ የሚያደርገው ግን የላቦራቶሪ ምርመራ ብቻ ነው። ብዙ ሰው ታዲያ ውጤቱ ሲደርሰው «አልተገኘም» የሚለውን ብቻ አይቶ ይረጋጋል። ይህ አደገኛ ነው። ውጤቱ የሚታመነው ናሙናው ከየት እንደተወሰደና በምን መሣሪያ እንደታየ ሲታወቅ ነው።

ለግድግዳ ልስን፣ ለጣሪያና ለቧንቧ ሽፋን የተለመደው መሣሪያ የፖላራይዝድ ብርሃን ማይክሮስኮፕ ነው። ባለሙያው ከናሙናው ውስጥ ክር መሳዩን በወረንጦ ለቅሞ፣ ብርሃን የማጠፍ አቅሙ በታወቀ ዘይት ጠብታ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ይህ አቅሙ 1.550 በሆነ ዘይት ውስጥ ክሪሶታይል የተባለው ነጭ አስቤስቶስ ክሩ ሲዞር ከሐምራዊ ወደ ሰማያዊ ይለወጣል፤ በዚህም ማንነቱ ይታወቃል። ሆኖም የክሪሶታይል ነጠላ ክር ውፍረት ከሚሊሜትር አንድ አሥር ሺህኛ ያንሳል፤ ይህን የብርሃን ማይክሮስኮፕ አያሳይም። በአሮጌ የፕላስቲክ ወለል ንጣፍ ውስጥ ክሮቹ ደቅቀው ስለተዋሃዱ «አልተገኘም» የሚል ውጤት ሲመጣ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሊረጋገጥ ይገባል። የአየር ናሙና የሚቆጠርበት የፌዝ ኮንትራስት ማይክሮስኮፕም ርዝመታቸው ከ5 ማይክሮሜትር የሚበልጡ ክሮችን ይቆጥራል እንጂ አስቤስቶሱን ከሌላው ክር አይለይም።

ያልተሟላ ማስረጃ የት እንደሚያደርስ ኒው ዮርክ አሳይታለች። በሽብር ጥቃት ወድቀው ከተማዋን በአቧራ ከሸፈኑት መንትያ ሕንፃዎች የሰሜኑ፣ በታችኞቹ ፎቆቹ ብረቱ የተለበጠው አስቤስቶስ ባለበት የእሳት መከላከያ ነበር። እ.ኤ.አ. መስከረም 18 ቀን 2001 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ኃላፊ ክሪስቲን ቶድ ዊትማን አየሩ ለመተንፈስ ደህና መሆኑን ገለጹ። በ2003 የኤጀንሲው የራሱ ዋና ኢንስፔክተር እንዲህ ለማለት በቂ መረጃ እንዳልነበረ ደመደመ። በአቧራው ላይ እንደ መለኪያ ያገለገለው 1 በመቶ የአስቤስቶስ መጠንም ቢሆን በጤና ጥናት ላይ የተመሠረተ የደህንነት ወሰን አይደለም።

«ሳይነካ ከተቀመጠ ምን ጉዳት አለው?» የሚል ሰው በከፊል ልክ ነው። ያልተሰነጠቀና ያልተበሳ ዕቃ የሚለቀው ክር ጥቂት ስለሆነ ብዙ ጊዜ ከማፍረስ ይልቅ እየተከታተሉ መተው ይሻላል። ችግሩ የሚጀምረው መሰርሰሪያና መዶሻ ሲመጣ ነው። «ምርመራው ውድ ነው» ለሚልም መልስ አለ፦ መመርመር ካልተቻለ ዕቃው አስቤስቶስ እንዳለበት ተቆጥሮ ይያዝ። የአስቤስቶስ ክር በመተንፈስ የሚመጣው ሜሶቴሊዮማ የተባለ ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ የሚገለጠው ከ20 እስከ 40 ዓመት ቆይቶ ነውና፣ ዛሬ አለመታመም ማስረጃ አይሆንም።

ስለዚህ ናሙና የሚወስደው የሠለጠነ ሰው ይሁን፤ ቦታውን በውሃ አርጥቦ፣ ከአንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን ከተለያዩ ሥፍራዎች ይውሰድ። ውጤቱን ስትቀበሉ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ናሙናው ስንት ነው? መሣሪያው ምንድን ነው? ሊያየው የሚችለው ትንሹ መጠን ስንት ነው? ለእነዚህ መልስ የሌለው ወረቀት ግድግዳ ለማፍረስ ፈቃድ ሊሆን አይችልም።