ቤትን ለክረምት ስለ ማሰናዳት

እናቶች ሆይ፤ ሰኔ ሳይገባ ጎተራችሁን ገልጣችሁ እዩ። ሐምሌና ነሐሴ ወንዝ የሚሞላበት፣ መንገድ የሚዘጋበት፣ የዓመቱ እህል የሚያልቅበት ጊዜ ነው። ተቅማጥም በሕፃናት ላይ የሚበረታው ያን ጊዜ ነው። ችጋርና በሽታ አብረው ስለሚመጡ ለሁለቱም አስቀድሞ መሰናዳት ያስፈልጋል።

ጤፍ ቅንጣቱ ደቃቅ ስለ ሆነ ነቀዝ እምብዛም አይደፍረውም። በቆሎና ማሽላ ግን ሳይደርቁ ከገቡ ይሻግታሉ። በሻጋታው የሚመጣው መርዝ እህሉ ቢፈጭና ቢጋገርም ፈጽሞ አይለቅም። ላም ከበላችውም በወተቷ አልፎ ወደ ልጅ ይደርሳልና ለከብት መስጠቱም አይበጅም። እህሉ መድረቁን ለማወቅ አንድ እፍኝ እህልና ጥቂት ደረቅ ጨው በደረቀ ጠርሙስ ጨምራችሁ፣ ከድናችሁ ነቅንቁ። ጨው ከጠርሙሱ ጎን ከተጣበቀ እህሉ ገና እርጥብ ነውና ወደ ፀሐይ ይመለስ። ጎተራውም በድንጋይ ላይ ከመሬት ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ ስንጥቁ በጭቃ ይመረግ።

የነቀዝ ክኒን ግን በምትተኙበት ቤት ውስጥ ባለ ጎተራ ከቶ እንዳትጨምሩ! የሚያወጣው ጋዝ ነቀዙን ብቻ ሳይሆን የተኛውንም ሰው ይገድላል። አየር የማያስገባው ድርብ ጆንያ ከተገኘ አፉ ጠብቆ ከታሰረ ነቀዙ ያለ መድኃኒት ታፍኖ ይሞታል።

ደረቅ እንጨት ከመድኃኒት ይቆጠራል ብንል አትሳቁብን። በክረምት እንጨቱ ሲርስ እናት ለወጥ እንጂ ለሚጠጣ ውሃ እሳት አታነድም፤ ልጁም የደፈረሰውን ውሃ እንዲሁ ይጠጣል። ስለዚህ በግንቦት እንጨትና ኩበት ከጣራ ሥር ይከመር። ውሃው እስኪንተከተክ ይፍላ፣ በንጹሕ እንስራ ይከደን፤ እጅ ሳይገባበት በጭልፋ ይቀዳ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ፤ እርሱም ጓያ ነው። ዝናብ ሲያጥር ሌላው ሰብል ሲጠፋ ጓያ ይበቅላል፤ ስለዚህ የድኻ ቤት ይዞ ይቆያል። ነገር ግን ወር ሁለት ወር እርሱን ብቻ የበላ ሰው፣ ይልቁንም ጎረምሳ ወንድ፣ ጕልበቱ ይከዳዋል፤ በምርኵዝ ይሄዳል፤ ሲብስም ይድኻል። ሽባ የሆነውን እግር የሚመልስ መድኃኒት የለም። በ1990 ዓ.ም. ገደማ በወሎ በደላንታና በዳውንት ብዙ ሰው በዚህ ተጎድቷል። እንፋሎቱ ነው የሚይዘው የሚሉ አሉ፤ ስሕተት ነው፤ የሚጎዳው የተበላው ነው።

አትብሉ ማለት ለእኛ ቀላል ነው፤ ጎተራው ባዶ ለሆነ ሰው ግን ይህ ምክር አይሆንም። ጓያ መብላት ግድ ከሆነ በብዙ ውሃ ተዘፍዝፎ ይደር፤ ውሃው ይደፋ፣ ዳግመኛም ይታጠብ። ከዚያ ደርቆ ይፈጭና ከጤፍ ወይም ከስንዴ ጋራ ይደባለቅ፤ እህሉም ከጓያው ይብለጥ። አዘውትረው የሚበሉት ቆሎው፣ ንፍሮውና እሸቱ ከሽሮውና ከእንጀራው ይልቅ ይጎዳሉ። ስለዚህ ጥቂት ጤፍ ወይም ስንዴ እስከ ነሐሴ ለመደባለቂያ ብላችሁ ለብቻ አስቀምጡ፤ ለገበያም አታውጡት።

ለተቅማጥም ከጤና ኬላ ሁለት ሦስት ከረጢት የሕይወት አድን ንጥረ ነገር አምጥታችሁ ከጭስና ከርጥበት ራቅ አድርጋችሁ አኑሩ። አንዱ ከረጢት በአንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ይበጠበጣል፤ ካደረ ይደፋል። ከረጢቱ ከሌለ በዚያው ሊትር ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው ይሟሟ፤ ጨው እንዳይበዛ ተጠንቀቁ። ጡት አይከልከል። የልጁ ዓይን ከሰረጎደ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ደም ከወጣው ግን ዝናቡ ያባራ ሳትሉ ወደ ጤና ጣቢያ አድርሱት።

በርብና በጉማራ ዳር ያላችሁ፣ በቤታችሁ በነሐሴ የምትወልድ ሴት ካለች፣ ውሃው መሻገሪያ ሳይነሣ በጤና ጣቢያው ወዳለው የእናቶች ማቆያ ትግባ። ስንቋን፣ ጋቢዋንና ለሕፃኑ የታጠበ ጨርቅ ይዛ ትሂድ።