ጊዜን የሚናገር ስም

በዚህ ትምህርት የምንመረምረው ስም ጊዜን እንዴት ሊናገር እንደሚችል ነው። አስቀድመን ሦስት ቃላትን እንወስን። «ሰው ሠራሽ ቋንቋ» የምንለው በሕዝብ አፍ እያደገ የመጣውን ሳይሆን፣ ሰዋስውን ሰው አስቦ ያዘጋጀለትን ቋንቋ ነው። «ጊዜ» ስንል ነገሩ ያለፈ፣ ያለ ወይም የሚመጣ መሆኑን የሚያሳይ የሰዋስው ምልክት ማለታችን ነው። «አኳኋን» ያልነው ደግሞ በእርግጥ የሆነውን ይሆን ከነበረው፣ ሊሆን ከሚችለውም የሚለይልን ምልክት ነው።

በአማርኛ ይህን ሸክም የሚሸከመው ግስ ነው፤ «ሰበረ»፣ «ይሰብራል»፣ «በሰበረ ነበር» እንላለን። ስም ግን ስለ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ይላል። «ሟች» የሚለውን ስም እንውሰድ። «የሟች ቤተሰቦች» ስንል ሰውየው ሞቷል፤ «ሰው ሁሉ ሟች ነው» ስንል ግን ሞቱ ገና ነው። ጊዜውን የምንረዳው ከአነጋገሩ እንጂ ከስሙ ቅርጽ አይደለም።

ዛመንሆፍ የተባለ ሰው አዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ1887 ዋርሶ ላይ ያሳተመው ሰው ሠራሽ ቋንቋ፣ ኤስፔራንቶ፣ ግን ይህንኑ በቅጥያ ይለያል። «ኢንት» ላለፈው፣ «አንት» ላለው፣ «ኦንት» ለሚመጣው ነው። ስለዚህ «ሞርቲንቶ» የሞተ፣ «ሞርታንቶ» በማጣጣር ላይ ያለ፣ «ሞርቶንቶ» ወደፊት የሚሞት ሰው ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ብዙ ተማሪ የሚደናገረው በዚህ ቦታ ነው። «ነገ ሟቹን እንቀብራለን» በሚለው ዓረፍተ ነገር ቀብሩ ገና ነው፤ ሞቱ ግን አልፏል። ኤስፔራንቶ ግሱን በትንቢት፣ ስሙን በኃላፊ ያስቀምጣል፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው፣ አይጋጩምም። የግሱ ጊዜ የድርጊቱ ነው፤ የስሙ ጊዜ ደግሞ ሰውየው ያ ስም የተገባው መቼ እንደሆነ ይነግረናል።

እስካሁን ያየናቸው ስሞች ግን ሥረ ቃላቸው ግስ ነው፤ «መሞት» ከሚለው የወጡ ናቸው። «ዶሞ»፣ ማለትም ቤት፣ ከግስ ስላልወጣ ኤስፔራንቶ «ዶሚንቶ» አይልም። ስለ ቀድሞ ሚኒስትር ሲናገር «ኤክስ» የሚል ቅጥያ ከፊት ያስቀድማል፤ ይህም ላለፈው ብቻ ነው። በጥብቅ ከተናገርን፣ ኤስፔራንቶ ጊዜን ከግስ ወርሶ ለስም ያስተላልፋል እንጂ ስምን ሁሉ በጊዜ አያረባም።

ስምን በቀጥታ የሚያረባ ቋንቋ ለማየት ሕዝብ ወደሚናገረው፣ ወደ ፓራጓይ ጓራኒ እንሂድ። «ኦጋ» ቤት ነው። «ኦጋኩዌ» ቤት የነበረ፣ «ኦጋራ» ቤት የሚሆን ነው። ሁለቱ ቅጥያዎች ሲጣመሩ «ኦጋራንግዌ» ይመጣል፤ ቤት ሊሆን ታስቦ የቀረ ማለት ነው። መሠረቱ ተጥሎ ግንቡ ያልተነሣ ቤት በዚህ አንድ ቃል ይጠራል። ቋንቋ ሊያዘጋጅ የሚያስብ ሁሉ ይህን ቃል በደንብ ቢያጤነው እወዳለሁ፤ ጊዜ ከጊዜ ጋር ተጣምሮ አኳኋንን ሲወልድ የሚያሳይ ነውና። በኤስፔራንቶም አንዳንድ ተናጋሪዎች «ኡንት» የሚል ቅጥያ ይሞክራሉ፤ «ፕሬዚዱንቶ» ቢመረጥ ኖሮ ፕሬዚዳንት ይሆን የነበረ ሰው ነው። ቅጥያው ግን እ.ኤ.አ. በ1905 የቋንቋው መሠረት ተብሎ በወጣው መጽሐፍ ውስጥ የለም፤ በመደበኛው አጻጻፍም ቦታ አላገኘም።

እንግዲህ የስሙን የራሱን ጊዜ ተረድተናል። የቀረን ከዚህ የተለየ ሌላ ዓይነት ነው፤ እርሱም ስም የራሱን ሳይሆን የዓረፍተ ነገሩን ጊዜና አኳኋን የሚሸከምበት ነው። በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ የቤንቲንክ ደሴት ሰዎች ቋንቋ የሆነው ካያርዲልድ እንዲህ ያደርጋል። ግሱ ስለሚመጣ ወይም ሊሆን ስለሚችል ድርጊት ሲናገር፣ ተሳቢው ስምም ከዚያ ጋር የሚሄደውን ምልክት ይይዛል። በዚህ ሥርዓት «ነገ ሟቹን እንቀብራለን» ብንል፣ «ሟቹን» የሚለው ቃል ሰውየው ሞቶ ሳለ የሚመጣውን ምልክት ይይዛል፤ ምልክቱ የቀብሩ ነው እንጂ የሞቱ አይደለምና። አዲስ ቋንቋ የሚያዘጋጅ ሰው ቅጥያውን ከመምረጡ በፊት ከእነዚህ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚፈልግ ይወስን።