ጫጩቶቿን መልሱላት

 

በዚህ ሳምንት ከሱብሒ ሰላት በኋላ፣ ስልካችሁን ከመክፈታችሁ በፊት፣ ወደ ጓሮ ብቅ ብላችኋል? በተለይ በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባሉ መንደሮች ያላችሁትን ነው የምጠይቀው። ክረምቱ አልፏል፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ ጉና ጭጋጉን ገልጦ ይታያል። በድንቹ መደብ ዳርና በገብሱ ማሳ ድንበር ላይ አደይ አበባ ፈክቷል። በአጥሩ ቀጋ ውስጥ ደግሞ ወፎች ጎጆ ይሠራሉ። ይህ ሁሉ በየቀኑ ደጃችን ላይ እየሆነ ሳናየው ብናልፍ ትልቅ ኪሳራ ነው።

ይኸው መሬት ከክረምቱ በፊት ምን ይመስል እንደነበር አስታውሱ። ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር። አደይ የሚወጣበትን ቦታ ለይታችሁ አታውቁትም ነበር፤ ዘሩ ግን እዚያው አፈር ውስጥ ተኝቶ ነበር። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ሐጅ 5ኛ አንቀጽ ላይ የሚያስታውሰን ይህንኑ ነው፤ ደርቃ የምናያት ምድር ዝናብ ሲወርድባት እንደምትንቀሳቀስ፣ እንደምትነፋና ከሚያምር ዓይነት ሁሉ እንደምታበቅል። አንቀጹ የሚጀምረው ግን ከሞት በኋላ መቀስቀስን ለሚጠራጠሩ ሰዎች በመናገር ነው። ስለዚህ ጓሮው ውስጥ የቆማችሁት ከቂያማ ማስረጃዎች በአንዱ ፊት ነው።

ደግሞም ልብ በሉ፤ አላህ ምድር ለሆድ የሚሆነውን ብቻ ታብቅል አላለም። ለዓይን የሚያምረውንም ጨመረበት። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) አላህ ውብ እንደሆነና ውበትን እንደሚወድ ነግረውናል። አበባ አይቶ መደሰት የቀልድ ነገር አይደለም፤ ልብ «ሱብሓነላህ» ካለበት ዒባዳ ነው።

አንዳንድ ወጣቶች በየዓመቱ የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ፤ «ኡስታዝ፣ አደይ አበባ የክርስቲያኖች በዓል ምልክት አይደለም ወይ? ማድነቁ ችግር የለውም?» ወንድሜ፣ አበባው የማንም በዓል ሳይታሰብ በፊት በአላህ ዝናብ የበቀለ ፍጡር ነው። ጎረቤቶቻችን በበዓላቸው ቢይዙት የእነሱ ጉዳይ ነው፤ የእኛ ሃይማኖታዊ በዓላት ደግሞ የታወቁ ናቸው። የሌላን እምነት ሥርዓት መፈጸም ሌላ ነገር፣ የፈጣሪን ሥራ አይቶ ማመስገን ሌላ ነገር ነው። ጉና ላይ የወረደው ዝናብ በርብና በጉማራ በኩል ወደ ጣና ሲወርድ የማንን ማሳ እንደሚያጠጣ አይመርጥም። ራሕመቱ ሰፊ ነው።

ወደ ወፎቹ ልመለስ። አልፎ አልፎ ብቻ ብቅ የሚልን ሰው «የመስቀል ወፍ» እንለዋለን። በዚህ ስም ከምንጠራቸው ወፎች መካከል ግን ዓመቱን ሙሉ አብረውን የሚኖሩ አሉ። ወንዱ የሚደምቀው በመራቢያው ወቅት ነው፤ ወቅቱ ሲያልፍ ላባውን ቀይሮ እንደ ሴቷ ቡናማ ይሆናል። እኛ ሄደ እንላለን፤ እሱ ግን ድምቀቱን አውልቆ እዚያው እህል ይለቅማል። ከዒባዳችን ጋር አስተያዩት። በረመዷን መድመቅ መልካም ነው፤ ሰው በማያየን ወራትስ በሰላታችን ላይ አለን?

ጎጆ የሚሸምነውንም ተመልከቱ። በጎንደርና በአካባቢው ብዙ ሙስሊሞች በሽመና ሲተዳደሩ ኖረዋል፤ ስለዚህ ይህን ሙያ እናውቀዋለን። ወፉ ያለ መወርወሪያ፣ በምንቃሩ ብቻ፣ ሣሩን እየሰነጠቀ ያስገባል፣ ያወጣል፣ ይቋጥራል። ከእነዚህ ወፎች መካከል ሴቷ ጎጆውን መርምራ ካልወደደችው፣ ወንዱ አፍርሶ እንደገና የሚጀምርም አለ። ተመርቃችሁ ሥራ ያጣችሁ፣ ማመልከቻችሁ ተደጋግሞ የተመለሰባችሁ፣ ይህን አስቡ። በቲርሚዚ ዘገባ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የእውነተኛ ተወኩልን ምሳሌ ያደረጉት ጠዋት ተርባ ወጥታ ማታ ጠግባ የምትመለሰውን ወፍ ነው። ጎጆዋ ውስጥ ተቀምጣ የምትጠብቀውን አላሉም። ትወጣለች፤ ሪዝቁ ግን ከአላህ ነው።

አሁን ስለ ራሴ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ልጅ ሳለሁ ከቁርኣን ትምህርት ስንመለስ፣ ቀጋ ውስጥ ካለ ጎጆ ሦስት ጫጩቶች አውጥቼ በኮፍያዬ ያዝኩ። እናቲቱ ከራሳችን በላይ እየተሽከረከረች ትጮሃለች፤ እኛ እንስቃለን። ሸኻችን ድምፁን ሰምተው መጡ። አልመቱኝም። አጠገቤ ቁጢጥ ብለው በአቡ ዳውድ የተዘገበውን ታሪክ ነገሩኝ፤ ሶሓቦች በጉዞ ላይ የአንዲት ወፍ ሁለት ጫጩቶች እንደወሰዱ፣ ወፏም ክንፏን እየዘረጋች እንደመጣች፣ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ማን በልጆቿ እንዳስጨነቃት ጠይቀው እንዲመልሱላት እንዳዘዙ።

«በል፣ አንተም መልስላት» አሉኝ።

ኮፍያዬን ስገልጥ አንዷ ሞታለች። ሁለቱን መለስኩ። ራቅ ብለን ቆመን ስናይ እናቲቱ ተመልሳ ገባች። ሸኻችን የሞተችውን ከእጄ ተቀብለው አፈር አለበሷት፤ ሌላ ቃል አልተናገሩም። ከዚያ በኋላ ብዙ ኪታብ ቀርቻለሁ፣ ዩኒቨርሲቲም ገብቻለሁ፤ ስለ ራሕመት እንደዚያ ቀን የገባኝ ትምህርት ግን የለም። ለአንዲት ወፍ ጭንቀት ሶሓቦቻቸውን የጠየቁ ነቢይ ኡመት ሆነን፣ ልጁን ላጣ ሰው ጩኸት ጆሯችንን ብንደፍን ምን እንመልሳለን?

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ሦስት ነገር አደራ።

አንደኛ፣ አጥር ከመመልመላችሁ በፊት ውስጡን እዩ። ጎጆ ካለ፣ ጫጩቶቹ እስኪበሩ ታገሡ። ማሳን ከወፍ መጠበቅ የገበሬው መብት ነው፤ ለጨዋታ ሲባል በወንጭፍ መግደል ግን ግፍ ነው። ታናናሾቻችሁን አስተምሩ።

ሁለተኛ፣ አንድ ነገር ትከሉ። ሙስሊም ከተከለው ወይም ከዘራው ላይ ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላ ሰደቃ እንደሚሆንለት በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ባሕር ዛፍ ብቻ አይሁን፤ ወይራም፣ ኮክም ይኑርበት።

ሦስተኛ፣ ዛሬ ከዐስር በኋላ ያለ ስልክ ለአሥር ደቂቃ ጓሮ ተቀመጡ። ፎቶ አታንሱ። ዝም ብላችሁ እዩና አመስግኑ። አደዩ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይደርቃል፤ እኛም እንደዚሁ ነን።

አላህ ሆይ፣ ደረቋን ምድር እንዳለመለምክ ልባችንን አለምልም። ለደካማ የምናዝን አድርገን። አገራችንን ሰላም አድርግ። አሚን።

ሱረቱል ካህፍን መቅራትና በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሰለዋት ማብዛት እንዳትረሱ።