ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ይፈጃል? የጉዞ ጊዜን ራስዎ ለማስላት

ትኬት ላይ ከተጻፈው የመድረሻ ሰዓት የመነሻውን ቢቀንሱ የጉዞውን ርዝመት አያገኙም፤ ሁለቱ ሰዓቶች የሁለት አገር ናቸውና። ትክክለኛውን ለማግኘት ግን ወረቀትና እርሳስ ይበቃል።

መጀመሪያ ርቀቱን ይያዙ። ጠፍጣፋ ካርታ ላይ ማስመሪያ ማስቀመጥ ያሳስታል። ሉል ካገኙ በሁለቱ ከተሞች መካከል ክር ወጥረው ይመልከቱ፤ አጭሩ መንገድ ሰሃራን አቋርጦ በስፔን ላይ ያልፋል። ርዝመቱ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ቀጥሎ ለፍጥነት ያካፍሉ። ቦይንግ 787ም ሆነ ኤርባስ ኤ350 በሰዓት ወደ 900 ኪሎ ሜትር ይበርራሉ። ስሌቱ 13 ሰዓት ገደማ ይሰጥዎታል።

አሁን አቅጣጫውን ያስቡበት፤ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህን ነው። ከፍታ ላይ ያለው ኃይለኛ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሚነፍስ፣ ወደ አሜሪካ የሚሄድ አውሮፕላን ነፋሱን ፊት ለፊት ይጋፈጠዋል። በዚያ ላይ ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ በመሆኑ አውሮፕላኑ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ መነሣት ይቸግረዋል። ስለዚህ በመንገድ ላይ ነዳጅ ለመሙላት ማረፉ የተለመደ ነው። ለመሄጃው ከ16 እስከ 17 ሰዓት ይያዙ። ሲመለሱ መነሻዎ ዝቅተኛ ቦታ ነው፣ ነፋሱም ከኋላ ይገፋል፤ ሳያርፉ በ13 ሰዓት ገደማ ቦሌ ይደርሳሉ።

ከዚያ የሰዓት ልዩነቱን ያስገቡ። አዲስ አበባ ከዋሽንግተን በክረምታቸው 8 ሰዓት፣ በበጋቸው 7 ሰዓት ትቀድማለች። አሜሪካኖቹ ሰዓታቸውን የሚቀይሩት በመጋቢት (ማርች) ሁለተኛ እሑድና በኅዳር (ኖቬምበር) መጀመሪያ እሑድ በእነሱ አቆጣጠር ነው። ለምሳሌ በሐምሌ ሰኞ 22:30 ከቦሌ ተነሥተው 16 ሰዓት ተኩል ቢጓዙ፣ አዲስ አበባ ማክሰኞ 15:00 ይሆናል። 7 ሲቀንሱ ዋሽንግተን ማክሰኞ ጠዋት 8:00 ነው።

ልብ ይበሉ፤ ትኬት የሚጻፈው በፈረንጅ ሰዓት ነው። 22:30 ማለት በእኛ ከምሽቱ 4:30 ነው። ከሁሉ የሚያስፈራው ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚነሣ በረራ ነው። ትኬቱ «ማክሰኞ 00:30» ካለ፣ እኛ ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6:30 የምንለው ነው። ሻንጣዎን ይዘው ቦሌ መገኘት ያለብዎት ሰኞ ማታ ነው። ማክሰኞ ማታ የሄደ ሰው አውሮፕላኑ ካመለጠው አንድ ቀን ሊሞላው ነው። እናቶችና አባቶች ብቻቸውን ሲጓዙ ይህን በአማርኛ ሰዓት ጽፎ መስጠት የልጆች ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ።

በመጨረሻ ማረፍ ማለት መውጣት እንዳልሆነ ያስታውሱ። የኢሚግሬሽን ሰልፍና ሻንጣ መጠበቅ አለ፤ ሁለት ሰዓት ይጨምሩበት። ለሚቀበልዎት ሰው የበረራ ቁጥሩን፣ ቀኑንና የመድረሻ ሰዓቱን በዋሽንግተን ሰዓት አድርገው ከመነሣትዎ በፊት ይላኩለት።