ኅብረትና መካሪ
(ከአንድ የሮክ ባንድ ታሪክ የምንማረው)



የዛሬው ጽሑፋችን ርእስ አንዳንዶቻችሁን ሳያስገርማችሁ አይቀርም። «ስለ ሮክ ባንድ እዚህ ገጽ ላይ ምን አመጣው?» የምትሉም ትኖራላችሁ። ርእሱን የመረጥነው ዘፈኑን እንድታጠኑ ወይም የዘፋኞቹን አኗኗር እንድትከተሉ አይደለም። ምክንያታችን ሌላ ነው። ባለፈው ክረምት ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት ስንመለስ የመዝሙር ክፍላችንን ለሁለት ተከፍሎ አገኘነው። ጠቡ የተነሣው ማን ይምራ፣ የማን ምርጫ ይቅደም በሚል ትንሽ ነገር ነበር። እኛም ማስታረቅ ሲገባን ወገን ለይተን ገባንበት። በዕድሜ የሚበልጡን አንድ አባት ሊሸመግሉን ቢመጡ «የራሳችንን ጉዳይ እኛው እንጨርሰዋለን» ብለን መለስናቸው። እኛው ግን አልጨረስነውም። ሦስት ልጆች ከመካከላችን ቀሩ፤ እስከ ዛሬም አልተመለሱም።

እንግዲህ ወጣቶች ተሰብስበው አንድ ሥራ ሲጀምሩ የሚያጸናቸው ምንድን ነው? የሚበትናቸውስ? ይህን ጥያቄ ይዘን ስንመረምር የቢትልስ ባንድ ታሪክ ጥሩ ምሳሌ ሆኖ አገኘነው። ምሳሌነቱም በተሳካላቸው ብቻ ሳይሆን ባልተሳካላቸውም ነው።

ሀ/ አጀማመራቸው

ቢትልስ በእንግሊዝ አገር፣ ሊቨርፑል በምትባል የወደብ ከተማ የተመሠረተ ባንድ ነው። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የመጀመሪያዎቹ ሁለት ልጆች የተገናኙት የት ይመስላችኋል? ቤተ ክርስቲያን ነው። ጁላይ 6 ቀን 1957 በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን የበጋ ባዛር ተዘጋጅቶ፣ የ16 ዓመቱ ጆን ሌነን ያቋቋመውን ቡድን ይዞ ይጫወት ነበር። የ15 ዓመቱ ፖል ማካርትኒም ሊያይ መጥቶ ከጨዋታው በኋላ ጊታር አንሥቶ ችሎታውን አሳየ። በጊታር ከጆን የተሻለ እንደሚያውቅ ወዲያው ታየ።

ጆን የቡድኑ አለቃ ነበረና አንድ ነገር መወሰን ነበረበት። የሚበልጠውን ሰው አስገብቶ ቡድኑን ያጠንክር ወይስ አለቅነቱ እንዳይነካ ቡድኑ ደካማ ሆኖ ይቅር? ይህን በልቡ ሲያወጣና ሲያወርድ እንደ ነበር በኋላ ራሱ ተናግሯል። በመጨረሻም ፖልን አስገባው። ፖል ደግሞ በ1958 ከሁለቱም የሚያንሰውን ጆርጅ ሃሪሰንን አመጣ። ልብ በሉ፤ ቡድኑ ያደገው አለቃው የሚበልጠውን ሰው ባለመፍራቱ ነው።

ለ/ ሸክምን መካፈል

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ አባቶቻችን። እነዚህ ልጆች ሸክም መካፈልን የተማሩት በምቾት ውስጥ ሆነው አልነበረም። በኦገስት 1960 ከሁለት ሌሎች ጓደኞቻቸው ጋር ወደ ጀርመን አገር ወደ ሃምቡርግ ሄዱ። እዚያም በምሽት ክበቦች ውስጥ በየሌሊቱ ለብዙ ሰዓታት ይጫወቱ ነበር። የሚያድሩበት ክፍል ጠባብና ቆሻሻ ነበር። ጆርጅ ገና የ17 ዓመት ልጅ ስለ ነበረ፣ ዕድሜው ለሌሊት ሥራ አልደረሰም ተብሎ በዚያው ዓመት ከአገር እንዲወጣ ተደረገ። ይሁን እንጂ እስከ 1962 መጨረሻ ድረስ ብዙ ጊዜ ተመላልሰዋል። ያ ሁሉ ሌሊት አንዱ ሲደክም ሌላው የሚያነሣበት፣ አንዱ ሲሳሳት ሌላው የሚሸፍንበት ትምህርት ቤት ሆናቸው።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ጆንና ፖል ገና በልጅነታቸው፣ ማንኛቸውም የደረሱት ዘፈን በሁለቱም ስም እንዲጠራ ተስማምተው ነበር። በዚህም መሠረት አንዱ ብቻውን የጻፈው እንኳ የሁለቱ ሥራ ተብሎ ታተመ። «ይህ የኔ ነው፣ ያ ያንተ ነው» የሚለው ክርክር ለብዙ ዓመታት እንዳይነሣ ያደረገው አንዱ ነገር ይህ ነው ብለን እናምናለን።

ሐ/ ሁለቱ መካሪዎች

ይህ ሁሉ ትጋት ግን ከሊቨርፑልና ከሃምቡርግ ክበቦች አላሳለፋቸውም ነበር። ከራሳቸው መካከል ያልሆነ፣ እነርሱ የማያዩትን የሚያይላቸው ሰው አስፈለጋቸው። አባቶቻችን «መካር የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ» ያሉት ለዚህ ነው።

የመጀመሪያው መካሪ ሚስተር ብራያን ኤፕስታይን ናቸው። ሚስተር ኤፕስታይን የቤተሰባቸውን የሸክላ መሸጫ ሱቅ የሚመሩ የ27 ዓመት ሰው ነበሩ። በኖቬምበር 1961 ልጆቹን ካቨርን በሚባለው ምድር ቤት ክለብ አዩአቸው። የሙዚቃ ቡድን መርተው አያውቁም፤ ነገር ግን ሥርዐት ምን እንደ ሆነ ያውቃሉ። በዚያን ጊዜ ልጆቹ የቆዳ ጃኬት ለብሰው፣ መድረክ ላይ እየበሉና እየተሳደቡ ይጫወቱ ነበር። ሚስተር ኤፕስታይንም ሰዓት እንዲያከብሩ፣ ሙሉ ልብስና ከረባት እንዲለብሱ፣ ሲጨርሱም ለሕዝቡ እጅ እንዲነሡ መከሯቸው። ዴካ የተባለው የሸክላ ኩባንያ በ1962 መጀመሪያ ፈትኗቸው አልፈልግም ሲል፣ እኚህ ሰው ተስፋ ሳይቆርጡ የልጆቹን ድምፅ ይዘው በለንደን በር ማንኳኳታቸውን ቀጠሉ።

ካንኳኳቸው በሮች አንዱ ወደ ሁለተኛው መካሪ ወደ ሚስተር ጆርጅ ማርቲን አደረሳቸው። ሚስተር ማርቲን ፓርሎፎን በሚባለው የኢ.ኤም.አይ ክፍል ሸክላ የማስቀረጽ ሥራ የሚመሩ፣ ሙዚቃን በትምህርት ቤት የተማሩ የ36 ዓመት ሰው ነበሩ። ልጆቹ ኖታ ማንበብ አይችሉም። እርሳቸው ግን ይህን አይተው አልናቋቸውም። በጁን 1962 ከፈተኗቸው በኋላ ስሕተታቸውን አንድ በአንድ ነገሯቸው። ቀጥለውም የማይወዱት ነገር ካለ እንዲናገሩ ቢጠይቋቸው፣ ጆርጅ ከረባትዎን አልወደድኩትም ብሎ ቀለደ። ሁሉም ሳቁ፤ ፍቅሩም ከዚያ ጀመረ ይባላል።

የሚስተር ማርቲን ምክር ምን ፍሬ እንዳፈራ አንድ ምሳሌ እንስጥ። «ፕሊስ ፕሊስ ሚ» የተባለው ዘፈን መጀመሪያ ዝግ ያለ ነበር። እርሳቸው ፈጠን ይበል አሉ። ልጆቹም ሰምተው አፈጠኑት፤ በ1963 መጀመሪያም በአብዛኞቹ የእንግሊዝ ሰንጠረዦች አንደኛ ሆነ። በፌብሩዋሪ 1964 አሜሪካ ሄደው በቴሌቪዥን ሲቀርቡ ወደ 73 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ተመለከታቸው። በ1965 ደግሞ ፖል «የስተርዴይ»ን ይዞ ሲመጣ፣ ከጊታሩ ጋር አራት የባለ ክር መሣሪያ ተጫዋቾች እንዲጨመሩበት ሐሳብ ያቀረቡት እኚሁ ሰው ናቸው። ፖል መጀመሪያ ቢያመነታም በኋላ ተስማማ።

መ/ መካሪ ጌታ አይደለም

እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። መካሪ ማለት በእኛ ፈንታ የሚያስብልን ሰው ማለት አይደለም። በሴፕቴምበር 1962 ሚስተር ማርቲን ሌላ ሰው የደረሰውን ዘፈን እንዲቀርጹ አዘዟቸው። ልጆቹ ታዘው ቀረጹት፤ ነገር ግን የራሳችን ቢወጣ ይሻላል ብለው በአክብሮት ተከራከሩ። እርሳቸውም ሰሟቸው፤ በኦክቶበር 1962 «ላቭ ሚ ዱ» የተባለው የራሳቸው ዘፈን ታተመ። የሚታዘዝም የሚናገርም ልጅ፣ የሚያዝም የሚሰማም ታላቅ ሲገናኙ ሥራው ይቃናል።

መካሪም ይሳሳታል። የሚስተር ኤፕስታይን ወገን በቢትልስ ስም የሚሸጡ ዕቃዎችን በሚመለከት በተዋዋለ ጊዜ፣ ለእነርሱ የደረሳቸው 10 በመቶ ብቻ ነበር። ቅንነታቸው አልጎደለም፤ ያን ንግድ ግን አያውቁትም ነበር። ስለሆነም መካሪ ራሱ መካሪ ያስፈልገዋል።

ከሁሉ ይበልጥ ልባችንን የነካው ግን የፒት ቤስት ነገር ነው። ፒት ከሃምቡርግ ጀምሮ ድራም መቺያቸው ነበር። ሚስተር ማርቲን የእርሱ አመታት ለሸክላ ቀረጻ እንደማይሆን ተናገሩ። ጓደኞቹም ሪንጎ ስታርን በእርሱ ቦታ ለማስገባት ወሰኑ። ውሳኔው ትክክል ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በኦገስት 1962 ፒትን ጠርተው የነገሩት ሚስተር ኤፕስታይን ናቸው። ሁለት ዓመት አብረውት የደከሙት ጓደኞቹ ፊት ለፊት አልነገሩትም። መካሪን መሸሸጊያ ማድረግ ማለት ይህ ነው።

ይህን ስናነብ ለጊዜው ዝም አልን። ምክንያቱም እኛም ሦስቱን ልጆች ራሳችን አላነጋገርናቸውም፤ «ለጊዜው አትምጡ» ብለን በሌላ ሰው አፍ ነበር የላክንባቸው።

ሠ/ መካሪው ካለፉ በኋላ

ኦገስት 27 ቀን 1967 ሚስተር ኤፕስታይን በ32 ዓመታቸው በድንገት ዐረፉ። አራቱ ልጆች በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ ከታወቁት ዘፋኞች ሁሉ የታወቁ ነበሩ፤ ገንዘብም ችሎታም አልጎደላቸውም። የጎደላቸው በአራቱ መካከል ቆሞ፣ ለማንም ሳያዳላ «ተው» የሚል ሰው ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ በለንደን የከፈቱት የልብስ ሱቅ በስምንት ወር ገደማ ከስሮ፣ የተረፈውን ልብስ ለሕዝብ በነጻ አድለው ዘጉት። በ1968 ሪንጎ ተቀይሞ ለሁለት ሳምንት ያህል ተለያቸው፤ ሲመለስ ድራሙን በአበባ አጊጦ አገኘው። በጃንዋሪ 1969 ደግሞ ጆርጅ ጥሎ ወጣ።

በዚህ ጊዜ አንድ የሚያስደንቅ ነገር ሆነ። ጆርጅ ከተመለሰ በኋላ ቢሊ ፕሬስተን የሚባል አሜሪካዊ ወዳጃቸውን ወደ ስቱዲዮው ጋበዘው። ቢሊ ከልጅነቱ ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ሲጫወት ያደገ ወጣት ነው። እርሱ ገብቶ ሲቀመጥ ጭቅጭቁ በረደ፤ ሥራውም ተቃና። ጆርጅ ይህን ሲያስረዳ፣ ቤታችሁ እንግዳ ሲመጣ ሁሉም ጠባዩን እንደሚያሳምረው ነው ሲል በምሳሌ ተናግሯል። እውነት ነው፤ በእኛም አገር ቤተሰብ ሲጣላ እንግዳ ከገባ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። በዚያው ዓመት ወደ ሚስተር ማርቲን ተመልሰው፣ እንደ ቀድሞው ሥራውን እንዲመሩላቸው ለመኗቸው። «አቢ ሮድ» የተባለው ሸክላ የወጣው እንደዚህ ነው።

ነገር ግን ዘግይተው ነበር። በ1969 ሥራ አስኪያጅ ለመምረጥ ሲነሡ ሦስቱ አንድ ሰው፣ ፖል ደግሞ የሚስቱን አባት መረጡ። ሁለቱም የየወገናቸው ሰዎች ስለ ሆኑ አስታራቂ ሊሆኑ አልቻሉም። ባንዱ በ1970 ተበተነ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ፖል ጓደኞቹን ፍርድ ቤት ከሰሰ፤ ጉዳዩም በሕግ እስኪፈጸም 1975 ደረሰ። ሸክም ሲካፈሉ ያደጉ ጓደኛሞች በጠበቃ አፍ የሚነጋገሩ ሆኑ።

ረ/ ለእኛስ ምን ይጠቅመናል?

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ባጭሩ ይህ ነው። ኅብረት ብቻውን አይበቃም፤ መካሪ ብቻውንም አይበቃም። ሰነፍ ቡድን የቱንም ያህል ጥሩ መካሪ ቢያገኝ ከፍ አይልም። ትጉህ ቡድንም የሚሰማው ሰው ከሌለ የራሱን ጉድፍ አያይም። መካሪ የሚፈለገው ደግሞ ጠብ ከተነሣ በኋላ ሳይሆን ፍቅር ሳለ ነው፤ ጠብ ከተነሣ በኋላ እያንዳንዱ የሚፈልገው መካሪ ሳይሆን ደጋፊ ነውና።

እኛ ባለፈው ክረምት «የውጭ ሰው አያስፈልገንም» ስንል የተማመንን መስሎን ነበር። ይሁን እንጂ የመለስናቸው አባት በዚያ ክፍል ውስጥ ወገን ያልያዙ ብቸኛው ሰው ነበሩ። ስለሆነም ይህን ጽሑፍ ለማባዛት ከመስጠታችን በፊት ቤታቸው ሄደን ይቅርታ ጠይቀናቸዋል። እርሳቸውም «መጀመሪያ ወደ ልጆቹ ሂዱ፤ እኔን በፊት አታስቀድሙኝ» አሉን። በሚመጣው እሑድ ከመርሐ ግብሩ በኋላ ወደ ሦስቱም ቤት እንሄዳለን። በሰው አፍ ያባረርናቸውን በራሳችን አፍ ልንጠራቸው ነው። ከእኛ ጋር ለመሄድ የምትፈልጉ ብትገኙ ደስ ይለናል።

ለውይይት የሚረዱ ጥያቄዎች

1. በክፍላችሁ ከእናንተ የሚበልጥ ችሎታ ያለው ሰው ሲመጣ ምን ይሰማችኋል? ጆን ፖልን ባያስገባው ኖሮ ምን ይቀርበት ነበር?
2. መካሪን በመስማትና መካሪን መሸሸጊያ በማድረግ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?
3. ለክፍላችሁ ዛሬ፣ ፍቅር ሳለ፣ ማንን መካሪ ትመርጣላችሁ? ለምን?