ሽንት ሲያቃጥል፦ መድኃኒቱ፣ የቤት ውስጥ እንክብካቤውና ሶላታችን



ውድ አንባብያን! በዛሬው የጤና ዓምዳችን ብዙ ሰው አፍሮ የማይናገረውን፣ ሲብስበትም በጎረቤት ምክር ብቻ ሊያልፈው የሚሞክረውን አንድ ችግር እንመለከታለን። ይኸውም የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንና የሽንት ፊኛ ሕመም ነው። ጉዳዩ ለእኛ ከጤና ባሻገር ከጦሃራና ከሶላት ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ውዱኡ እንዳይበላሽበት ብሎ ሽንቱን ይዞ የሚውል፣ ቶሎ ቶሎ ሽንት ቤት ላለመሄድ ውኃ መጠጣት የሚቀንስ፣ ሽንት ይንጠባጠብብኛል በሚል ከጀማዓ ሶላት የቀረ አባት በየቤታችን አለ። ሦስቱም ሕመሙን የሚያባብሱ ወይም ሰውን ያለ ምክንያት የሚያስጨንቁ ናቸው። መፍትሔ ግን አላቸው።

ሕመሙ ከየት ይመጣል?

ሽንት በኩላሊቶቻችን ተጣርቶ በሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ወደ ሽንት ፊኛ ይወርዳል። የአዋቂ ሰው ፊኛ ከ400 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ያህል ሽንት ይይዛል። አብዛኛውን ጊዜ ኢንፌክሽኑን የሚያመጣው ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ነው። ይህ ባክቴሪያ በሁላችንም አንጀት ውስጥ ይኖራል፤ እዚያ እያለ አብዛኛው ዓይነቱ አይጎዳንም። ከፊንጢጣ አካባቢ ተሻግሮ በሽንት መውጫው በኩል ወደ ፊኛ ሲወጣ ግን ሕመም ያስከትላል።

የሴቶች የሽንት መውጫ ቧንቧ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን የወንዶች 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ሴቶች በብዛት የሚታመሙት በዚህ ምክንያት ነው። ከሴቶች ግማሽ ያህሉ በሕይወታቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ ይህ ሕመም ይይዛቸዋል። ስለዚህ ሕመሙ የነውር ምልክት አይደለም፤ «ብርድ መታኝ» ተብሎ የሚታለፍም አይደለም።

ምልክቶቹ

በሽንት ጊዜ ማቃጠል፣ ቶሎ ቶሎ መምጣትና ማጣደፍ፣ ጥቂት ብቻ መውጣት፣ ከእምብርት በታች መክበድ፣ የሽንት መደፍረስ ወይም ደም መቀላቀል ዋናዎቹ ናቸው። ሕፃናት ግን ሕመማቸውን መናገር ስለማይችሉ ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት፣ ማስመለስ ወይም ጡት አለመጥባት ብቻ ሊታይባቸው ይችላል።

ማቃጠል ሁሉ ግን የፊኛ ኢንፌክሽን አይደለም። ከብልት ፈሳሽ የሚወጣ ከሆነ ሕክምናው ሌላ ነው፤ ባልና ሚስትም አብረው መታየት ሊያስፈልጋቸው ይችላል። ሳያቃጥል ሽንት የሚበዛበትና ውኃ የሚጠማው ሰው ደግሞ ስኳሩን ይመርመር።

ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሕክምና መሄድ ያለባቸው

1. ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት፣ የጎን ወይም የወገብ ሕመም፣ ማስመለስ የታየበት ሰው፤ ኢንፌክሽኑ ወደ ኩላሊት ወጥቶ ሊሆን ይችላል።
2. ነፍሰ ጡር እናት። በእርግዝና ጊዜ ባክቴሪያው ምንም ሳያቃጥል ሊኖር ስለሚችል በቅድመ ወሊድ ክትትል ወቅት ሽንት ይመረመራል። ሳይታከም ከቀረ ወደ ኩላሊት ሊወጣ፣ ያለ ጊዜው መውለድንም ሊያስከትል ይችላል።
3. ሕፃናት፣ የስኳር ሕመምተኞች፣ የኩላሊት ችግር ያለባቸውና ወንዶች በሙሉ።
4. ሽንት እየመጣበት ጨርሶ መሽናት ያቃተው ሰው። ይህ አስቸኳይ ነው፤ ሌሊትም ቢሆን እስኪነጋ አይጠበቅም።

ስለ መድኃኒቶቹ

ለቀላል የፊኛ ኢንፌክሽን ከሚታዘዙት ውስጥ ናይትሮፉራንቶይን አንዱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ለ5 ቀን ይወሰዳል። ከምግብ ጋር ቢወሰድ ሆድ አይረብሽም። የሽንትን ቀለም ወደ ጥቁር ቢጫ ወይም ቡናማ ሊለውጠው ስለሚችል አይደንግጡ። ኩላሊቱ በጣም ለደከመ ሰው፣ እንዲሁም መውለጃዋ ለደረሰ እናት አይሰጥም። ወደ ኩላሊት ለወጣ ኢንፌክሽንም አያገለግልም።

ኮትሪሞክሳዞል፣ በተለምዶ ባክትሪም የምንለው፣ ሌላው ነው። ለሰልፋ መድኃኒት አለርጂ ያለበት ሰው መውሰድ የለበትም። ነፍሰ ጡሮችም ሐኪም ሳያዝላቸው አይውሰዱት።

ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ማለትም ሲፕሮ፣ በአገራችን ሰው በልምድ የሚገዛው መድኃኒት ሆኗል። ነገር ግን ለቀላል ሕመም የመጀመሪያ ምርጫ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው የአንቲባዮቲክ ምደባ ናይትሮፉራንቶይንንና ኮትሪሞክሳዞልን ቅድሚያ ከሚሰጣቸው ሲመድብ፣ ሲፕሮን በጥንቃቄ ከሚሰጡት ውስጥ አስቀምጦታል። ሲፕሮ የጅማት ሕመምና መበጠስ ሊያስከትል ይችላል። ከወተት፣ ከብረት እንክብልና ከጨጓራ ማስታገሻ ጋር አብሮ ከተወሰደ ደግሞ በሚገባ ወደ ደም አይገባም።

አሞክሳሲሊንም በብዙ ቦታ ባክቴሪያው ስለለመደው ሳይመረመሩ መግዛቱ ብዙ ጊዜ አይጠቅምም። የትኛው እንደሚሠራ የሚለየው የሽንት ካልቸር ምርመራ ነው። ሕመሙ ለሚመላለስበት ሰው ይህ ምርመራ ያስፈልገዋል።

ከሁሉም በላይ የምናሳስበው የሚከተለውን ነው። መድኃኒቱ በተጀመረ በ1 ወይም በ2 ቀን ማቃጠሉ ይቀንሳል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል፤ የተረፈውን ለእህቱ ወይም ለጎረቤቱ ይሰጣል። በዚህ ጊዜ ሁለት ሰው ይጎዳል። እርሱ ሕመሙ ሊያገረሽበት ይችላል፤ የተሰጠው ሰው ደግሞ ለሕመሙ በማይሆንና በማይበቃ መጠን ይታከማል። ባክቴሪያውም መድኃኒቱን እየለመደ ይሄዳል፤ ነገ ልጅዎ ሲታመም የሚሠራ መድኃኒት ሊጠፋ ይችላል። የታዘዘውን ቀን ይጨርሱ። በ48 ሰዓት ውስጥ ለውጥ ከሌለ ተመልሰው ይታዩ። ተልባና አብሽ መጠጣት ፈሳሽ ለማግኘት ይረዳል እንጂ የመድኃኒቱን ቦታ አይተካም።

በቤት ውስጥ የሚደረግ ጥንቃቄ

ውኃ፦ ሐኪም ፈሳሽ እንዲቀንስ ያላዘዘው ሰው ሽንቱ ፈካ ያለ ቢጫ እስኪሆን ይጠጣ። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ጥናት ሕመሙ የሚመላለስባቸውና ጥቂት ውኃ የሚጠጡ ሴቶች በየቀኑ 1.5 ሊትር ውኃ ሲጨምሩ፣ በ12 ወር ውስጥ በአማካይ የታመሙት 1.7 ጊዜ ነው። ያልጨመሩት ግን 3.2 ጊዜ ታመዋል።

ሽንትን አለመያዝ፦ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሽንትና ሰገራ እያጣደፈው ሰው እንዳይሰግድ ከልክለዋል። ስለዚህ ሽንቱን ሸንቶ፣ ውዱኡን አድሶ፣ ልቡ ተረጋግቶ ቢሰግድ ለሶላቱም ለፊኛውም ይሻለዋል።

ኢስቲንጃእ፦ ሲታጠቡ ከፊት ወደ ኋላ ይሁን፤ ሴቶች ልጆቻችሁንም ከሕፃንነታቸው እንዲሁ አስተምሩ። በንጹሕ ውኃ መታጠብ በቂ ነው። ዴቶልና ሽታ ያለው ሳሙና ወደ ውስጥ ማስገባት የተፈጥሮ መከላከያውን ያጠፋል። ከዚያ በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ አይረሳ። ባለትዳር ሴቶች ከግንኙነት በኋላ ቶሎ ቢሸኑ ይመከራል።

ቱቦ ለገባለት ሕመምተኛ

በሽንት መቋጠር ወይም በመተኛት ምክንያት ካቴተር የገባላቸውን አባቶችና እናቶች ቤት ውስጥ የምትንከባከቡ ወገኖች የሚከተለውን ልብ በሉ።

1. ቱቦውን ወይም ከረጢቱን ከመንካት በፊትና በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ፤
2. ከረጢቱን ሁልጊዜ ከፊኛ ዝቅ አድርጎ ማንጠልጠል፤ ወለል ግን አይንካ። ከፍ ካለ ሽንቱ ወደ ፊኛ ይመለሳል፤
3. ከረጢቱ ሳይሞላ፣ ግማሹን ሲያልፍ መድፋት፤
4. ቱቦው የገባበትን አካባቢ በየቀኑ በውኃና በለስላሳ ሳሙና ማጠብ፤
5. ቱቦው እንዳይታጠፍና እንዳይጎተት ጭን ላይ ማሰር፤ ያለ ምክንያት ከከረጢቱ አለመለያየት፤
6. ሽንት መውረድ ካቆመና ሆድ ከተወጠረ፣ ትኩሳት ወይም ደም ከታየ ወዲያው ወደ ሕክምና መውሰድ።

ቱቦውን መቀየርና ማውጣት የባለሙያ ሥራ ነው፤ ቤት ውስጥ አይሞከርም። መገላበጥ የማይችል ሕመምተኛ በየ2 ሰዓቱ ጎኑ ይቀየርለት። የራሰ ልብስና ዳይፐር ወዲያው ይነሣለት፤ እርጥበት ቆዳን ያቆስላል። አባትን ወንድ ልጁ፣ እናትን ሴት ልጇ ቢያጥቡ ይመረጣል። ካልተገኘ ግን ሐፍረተ ገላን በተቻለ መጠን ሸፍኖ፣ ጓንት አድርጎ እንክብካቤውን መስጠት እንጂ ሕመምተኛውን መተው አይገባም።

ሽንት የመንጠባጠብ ችግር

በዕድሜ የገፉ ወንዶች ላይ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የፕሮስቴት ዕጢ ማደግ ነው። ሽንት መጀመር ያስቸግራል፣ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ሌሊት ደጋግሞ ያስነሳል። ታምሱሎሲን የሚባለው መድኃኒት መውጫውን ያላላል፤ ሆኖም ሲነሱ ሊያዞር ስለሚችል ከሱጁድም ከአልጋም ቀስ ብለው ይነሱ። ፊናስቴራይድ ዕጢውን ያሳንሳል፤ ውጤቱ ግን ወራት ስለሚወስድ ተስፋ ቆርጠው እንዳያቋርጡት። የጉንፋንና የአለርጂ እንክብሎች አንዳንዶቹ ሽንትን ሊያቆሙ ይችላሉ፤ ከመግዛትዎ በፊት የፕሮስቴት ችግር እንዳለብዎ ለመድኃኒት ቤቱ ይንገሩ። ጫትም የሽንትን ፍሰት የሚያዳክም ሆኖ ተገኝቷል።

በሴቶች ላይ በሳቅና በሳል ጊዜ ሽንት ማምለጥ ከወሊድ በኋላ የተለመደ ነው። ሽንትን እንደሚይዙ አድርጎ የዳሌን ጡንቻ መጭመቅና መልቀቅ፣ በቀን 3 ጊዜ እየደጋገሙ ለ3 ወር ቢሠሩት ብዙዎችን ይረዳል። ከአስቸጋሪ ምጥ በኋላ ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ የሚፈስ ከሆነ ግን ፊስቱላ ሊሆን ይችላል። ይህ እርግማን አይደለም፤ በቀዶ ሕክምና ይድናል። እ.ኤ.አ. በ1974 በዶክተር ካትሪንና በዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን የተመሠረተው የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል ሕክምናውን በነጻ ሲሰጥ ኖሯል። ሐረርን ጨምሮ በክልሎችም ማዕከላት ተከፍተዋል። እንዲህ ያለች እህት በአካባቢያችሁ ተደብቃ እንዳትቀር።

ሶላትና ፆም

ሽንቱ የማይቆምለት ሰው በሸሪዓችን ዑዝር ያለው ሰው ነው። ኡለማዎች ኢስቲሓዷ ከሚፈሳት ሴት ጋር አመሳስለው እንዳስቀመጡት፣ የሶላቱ ወቅት ሲገባ ታጥቦ፣ ጨርቅ ወይም ዳይፐር አድርጎ፣ ውዱእ አድርጎ ይሰግዳል፤ በሶላቱ መሐል ቢንጠባጠብበትም ሶላቱ አይበላሽም። ዝርዝሩ ከመዝሀብ መዝሀብ ስለሚለይ፣ ቱቦ የገባለትም ሰው ጭምር፣ የአካባቢውን ዓሊም ይጠይቅ። ሶላትን መተው ግን መፍትሔ አይደለም።

በረመዷን ሽንት እያቃጠለው፣ ትኩሳት ይዞት ውኃና መድኃኒት የሚያስፈልገው ሰው አላህ (ሱ.ወ) ለሕመምተኛ በሰጠው ፈቃድ አፍጥሮ በሌላ ቀን ቀዳውን ያውጣ። ሕመሙ የቀለለለትና መፆም የፈለገ ሰው በቀን 2 ጊዜ ብቻ የሚወሰድ መድኃኒት ይኖር እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቅ፤ በሱሑርና በኢፍጧር ሊወስደው ይችላል። በቀን 4 ጊዜ የታዘዘን መድኃኒት በራስ ፈቃድ ወደ 2 ጊዜ መቀነስ ግን ሕክምናውን ያበላሸዋል። ሕመሙ የሚመላለስበት ጤነኛ ፆመኛም ውኃውን በሱሑር ብቻ ከማጨቅ ይልቅ ከኢፍጧር ጀምሮ ሌሊቱን በሙሉ እየከፋፈለ ይጠጣ።

ውድ አንባብያን! ጁሙዓ ከሶላት በኋላ አባትዎን «ሽንት ያስቸግርዎታል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም። እናትዎንም ሴት ልጃቸው ትጠይቅ። ከቤተሰብ አንድ ሰው አብሯቸው ጤና ጣቢያ ቢሄድ ብዙው ስቃይ ይቀላል። አላህ (ሱ.ወ) ሕመምተኞቻችንን ያሽርልን፤ አሚን።